የካውንስል «ሴፍጋርዲንግ» በአንዲት ጎረቤቴ ጉዳይ ሲፈተን

በእንግሊዝ አገር በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን ከበደል መከላከል ላቃታቸው አዋቂዎች የየአካባቢው ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) የሚሰጠውን የጥበቃ አገልግሎት፣ የለንደን ሐበሻ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሴፍጋርዲንግ» ይለዋል። እኔ ያወቅሁት ባለፈው ዓመት ነው። አንዲት የ79 ዓመት ጎረቤቴ የጡረታ ገንዘባቸው የሚገባበትን የባንክ ካርድ አብሯቸው የሚኖረው ዘመድ ይዞባቸው፣ ማቀዝቀዣቸው ባዶ፣ መድኃኒታቸውም ካለቀ የሰነበተ ሆኖ አገኘሁት። የካውንስሉን ስም አልጠቅስም፤ የሴትዮዋ ገመና ነውና።

በቅድሚያ ስልኩን ልገምግም፤ መጥፎ ነው። ሙዚቃ እየሰማሁ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። ያነሣችው ሠራተኛ ግን ሥራዋን የምታውቅ ነበረች። አሁኑኑ ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ነገር ካለ ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 999 እንድደውል ከነገረችኝ በኋላ ሦስት ነገሮችን አጣራች፦ ሴትዮዋ እንክብካቤ የሚያሻቸው መሆናቸውን፣ በደል ወይም ቸልታ እየደረሰባቸው ወይም ሊደርስባቸው የሚችል መሆኑን፣ በዚያው ችግራቸው የተነሣም ራሳቸውን መከላከል አለመቻላቸውን። እነዚህ ሦስቱ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ በአንቀጽ 42 ያስቀመጣቸው መመዘኛዎች ሲሆኑ፣ ከተሟሉ ካውንስሉ ነገሩን የማጣራት ግዴታ አለበት። ብዙዎቻችን «ማስረጃ የለኝም» እያልን ዝም የምንለው በስሕተት ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ምክንያት ያለው ጥርጣሬን እንጂ ማስረጃን አይደለም። ሴትዮዋ ገንዘብ ያላቸው መሆን አለመሆናቸውም፣ ከካውንስሉ ቀደም ሲል ርዳታ ማግኘት አለማግኘታቸውም ለዚህ ማጣራት ለውጥ አያመጣም።

ከዚያ በኋላ የመጣችው የካውንስሉ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ) በሩ ላይ ቀረች። ዘመዱ «ተኝተዋል» ብሎ መለሳት፤ እርሷም ተመለሰች። በጣም ተናድጄ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት፣ በእንግሊዝ የእንክብካቤ ሕጉ ለሶሻል ወርከር በግድ ቤት የመግባት ሥልጣን አልሰጣትም፤ በዌልስና በስኮትላንድ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ መግባት የሚቻልበት መንገድ አለ። ይህ የሠራተኛዋ ጉድለት ሳይሆን የሕጉ ጉድለት ነው ባይ ነኝ። እርሷ ግን ብልኀት አላጣችም፤ እማማ ለደም ግፊት ምርመራ ወደ ጂፒ (የሠፈር ሐኪማቸው) በሚሄዱበት ቀን እዚያው ክሊኒክ ጠብቃ፣ ዘመዱን ከውጭ አስቀርታ፣ አማርኛ በሚችል ባለሙያ አስተርጓሚ አማካይነት ለብቻቸው አነጋገረቻቸው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ብርታት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን በደለዎት?» የሚል ሳይሆን «ምን እንዲሆንልዎት ይፈልጋሉ?» የሚል ነበር። እማማ ዘመዳቸው እንዳይታሰርና ከቤት እንዳይባረር፣ ካርዳቸው ብቻ እንዲመለስላቸው ለመኑ። እኔ ፖሊስ እንዲጠራ እፈልግ ነበር፤ ነገር ግን በ2005ቱ የአእምሮ ብቃት ሕግ መሠረት አንድ አዋቂ አለመቻሉ ካልተረጋገጠ በቀር ለራሱ የመወሰን ብቃት እንዳለው ይገመታል፤ ውሳኔው ለእኛ ጥበብ የጎደለው መስሎ ቢታየን እንኳ ያ ብቻውን ብቃት እንደሌለው አያሳይም። ሶሻል ወርከሯ ፈቃዳቸውን ከመቀበሏ በፊት ዘመዱ ሌሎች አረጋውያንን የሚንከባከብ ሥራ ያለው መሆን አለመሆኑን ጠይቃለች፤ አደጋው ለሌሎችም የሚተርፍ ቢሆን ኖሮ ፈቃዳቸውን አልፋ መሄድ ትችል ነበርና። ሥራው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ባንኩ አሮጌውን ካርድ ዘግቶ አዲስ ሰጣቸው፤ በቀን ሁለት ጊዜ የምትመጣ ተንከባካቢም ተመደበችላቸው። ዘመዱ አሁንም እዚያው ይኖራል፤ ይህ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

ማጣራቱ በነጻ ነው። ተንከባካቢዋ ግን በገቢና በቁጠባ ልክ ታስከፍላለች፤ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ያለው ሰው ወጪውን በሙሉ ይሸፍናል። ይህን አስቀድሞ የነገረን የለም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስሁት ለስልኩና ለዝምታው ነው። ለጠቆመ ሰው የሌላውን ምስጢር አለመዘርዘር ተገቢ ቢሆንም፣ «ጥቆማዎ ደርሶናል» የሚል አንድ መስመር እንኳ ሳይልኩልኝ ሳምንታት አለፉ። ሌላውን የቀነስሁት ለመጨረሻው ደብዳቤ ነው፤ በአስተርጓሚ ያነጋገሯቸውን ሴት መዝገባቸው መዘጋቱን ያስታወቋቸው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ ቡና እየተፈላ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። የምትደውሉ ሁሉ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብ፣ አስተርጓሚውም የቤት ሰው እንዳይሆን፣ ደብዳቤውም ተተርጉሞ እንዲላክ መዝገቡ ላይ አስጽፉ።