«ሁሉም ቄብ ናቸው» ተብለው ከተሸጡልኝ 12 ዶሮዎች 7ቱ ጮኹብኝ

ጓሮ ኖሯችሁ «እስቲ ጥቂት ዶሮ ልያዝ» ብላችሁ ያሰባችሁ ሁሉ፣ በሳጥን ጭኖ ደጃፋችሁ ድረስ ከሚያመጣ ነጋዴ ቄብ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ የተሸወድኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ባለማወቅ ነው እንበል፤ ሁለተኛውን ግን እያወቅኩ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ ነው የገባሁበት። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ጥቅምት 5 ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ኮተቤ ያለው ቤቴ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። በስልክ የተነጋገርነው እንዲህ ነበር፦ ሳሶ የሚባለው የፈረንጅ ዝርያ፣ የ45 ቀን፣ ሁሉም ቄብ፣ ክትባታቸውን የጨረሱ፣ አንዷ በ320 ብር። ሴትና ወንዱ ሳይለይ 250 ብር የሚሸጥ ሌላ ሰው ነበር። ስለዚህ በእያንዳንዷ ላይ የጨመርኳት 70 ብር ለሴትነቷ ብቻ የተከፈለች ናት። 12ቱን በ3,840 ብር ወሰድኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልሰጠኝም።

የበረንዳውን አምፖል አብርቼ አንድ በአንድ ሳነሳቸው የአምስት የስድስቱ አናት ላይ ያለው ሥጋ ቀላ ብሎ አየሁት። «ይሄስ ምንድን ነው?» አልኩት። ሻጩ ልጅ ቅንጣት አልደነገጠም። «እናቴ፣ ቀላ ያለችዋ እኮ ቶሎ የምትጥለው ናት፤ እንደውም ደስ ይበልሽ» አለኝ። ደስ አለኝ።

የዚህ ውሸት ብልሃቱ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ቄብ ለመጣል ስትቃረብ አናቷ በእርግጥ ይቀላል። ይህ የሚሆነው ግን 4 ወር ተኩል፣ 5 ወር ሲሞላት ነው። በ45 ቀኗ አናቷ ላይ ያለው ገና ስስ፣ አጭርና ቢጫ መሳይ ነው። በዚያ ዕድሜው አናቱ ወፍሮ የቀላ፣ ከምንቃሩ ሥርም ቀይ ሥጋ መንጠልጠል የጀመረበት ወንድ ነው፤ ክርክር የለውም። እግሩንም ጨበጥ አድርጉት፣ ከሴቷ ይወፍራል። ከጅራቱ ሥር ጫፉ የሾለና የሚያብለጨልጭ ላባ የሚያወጣው ግን ቆይቶ ነው፤ እሱን እያያችሁ ከሆነ ገንዘባችሁ ከሄደ ሰንብቷል። ዋናው ነገር በቀን ብርሃን መግዛት ነው። ሲመሽ የመጣ ሳጥን ለምን ሲመሽ እንደመጣ ጠይቁ።

ዝርያውንም አስረግጣችሁ ጠይቁ። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን የመሳሰሉት ቡናማ ጣዮች ሲፈለፈሉ ጀምሮ በቀለም ይለያሉ፤ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ «ቦቫንስ ቄብ» ብሎ ነጫጭ ካመጣላችሁ በሩን ዝጉበት። ኮኮክ የሚባለው ገብስማ ዝርያም ቢሆን ላወቀበት ሰው ይለያል፣ ወንዱ ፈዘዝ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ሳሶ ላይ እንዲህ ያለ ቀላል ምልክት ስለሌለ ብዙ ጊዜ ተደባልቆ ነው የሚሸጠው፤ ከተደባለቀ ደግሞ ግማሽ ገደማው ወንድ መሆኑን ተፈጥሮ ወስናዋለች። እኔ የገዛሁት ያንኑ ድብልቅ ነው፣ «ቄብ» በሚል ስም።

ኅዳር 8 ቀን ንጋት ላይ ከጓሮ የዛገ ማጠፊያ ያለው በር ሲሲጥጥ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። በሩን ነበር የጠረጠርኩት። በማግስቱ ሁለት ሆኑ። በሳምንቱ ድምፃቸው ተስተካክሎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ይቀባበሉት ጀመር። የግንብ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤቴ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ በትህትና «እትዬ፣ ስንት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ቆጠርኳቸው። ሰባት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ኅዳር 13 ለሻጩ ደወልኩለት። አልካደም፣ አልተቆጣም። «ወይኔ እናቴ፣ ከእርባታው ሲለዩ ተሳስተው ነው» አለና ወዲያው መፍትሔ አመጣ፦ ሁለት አውራ አምጪ፣ አንድ ልትጥል የደረሰች የ5 ወር ቄብ ውሰጂ። ሳመነታ ጊዜ «ከነገ ወዲያ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ ገና አውራ ማን ይገዛሻል? መኖ ይጨርሱብሻል እንጂ» አለኝ። ጾሙን ያስታወሰኝ ለነፍሴ ተጨንቆ መሰላችሁ? አራቱን በዘንቢል ይዤ ሄጄ ሁለት «ቄቦች» ይዤ ተመለስኩ።

እቤት ስደርስ ከጎን ያሉት እማማ አንዷን ተቀብለውኝ ገለበጧት። እግሯን አዩ፤ አመድ የመሰለ ነጭ። «ልጄ፣ ይቺ ቄብ ከሆነች እኔም ኮረዳ ነኝ» አሉኝ። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። እነዚህ የፈረንጅ ዶሮዎች ከመጣላቸው በፊት እግራቸውም ምንቃራቸውም ደማቅ ቢጫ ነው፤ መጣል ሲጀምሩ ቢጫው ወደ አስኳሉ ይሄድና ከወራት በኋላ እግራቸው ይገረጣል። ሌላም አሳዩኝ። ከዶሮዋ እንቁላል መውጫ ግራና ቀኝ ሁለት ሹል አጥንቶች አሉ። ገና ባልጣለች ቄብ ላይ በመካከላቸው አንድ ጣት በጭንቅ ነው የሚያርፈው። በዚያች ላይ ሦስት ጣት ገባ። እርባታ ቤቶች ዓመት ተኩል አካባቢ የጣሉትን ዶሮዎች እንቁላላቸው ሲቀንስ ለሥጋ ያወጧቸዋል፤ እነዚያ ናቸው። ለወጥ ምንም አይወጣላቸውም፣ በ«ቄብ» ዋጋ ግን አይገዙም።

ስሌቱን ዘግይቼም ቢሆን ሠራሁት። አራቱን እስከ ገና ሰሞን ብቀልባቸው ለ6 ሳምንት 16 ኪሎ ገደማ መኖ ይበሉ ነበር። እኔ ያኔ የምገዛው ኪሎውን በ55 ብር ነበርና 880 ብር መሆኑ ነው። ገበያ ላይ ርካሹ አውራዬ 900 ብር ስለወጣ አራቱ ቢያንስ 3,600 ብር ያመጡ ነበር። ልጁ ይህን ያውቃል። ከጾሙ ዋዜማ በየቤቱ የጮኹ አውራዎችን በሁለት ለአንድ ሰብስቦ ለገና ያወጣቸዋል ማለት ነው። ወንድ ቀላቅሎ መሸጡ ስህተት አልነበረም፤ ንግዱ ራሱ እሱ ነው።

ከሁለቱ አሮጊት ዶሮዎች አንዷ ደግሞ ከነማስነጠሷ ነው የመጣችው። ከገበያ የመጣ ዶሮ ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው መቆየት እንዳለበት እያወቅኩ፣ ተበሳጭቼ ስለነበር ያው ቆጥ ላይ ለቀቅኳቸው። በሳምንቱ የዶሮ ቤቱ በሙሉ ያንኮራፋ ጀመር። ፈንግል መስሎኝ ነፍሴ ወጥታ ነበር፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አይደለም ብሎ በውሃ የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘልኝ። አውራ ለማረድ ያሰባችሁ ይህን ልብ በሉ፦ መድኃኒት የወሰደ ዶሮ ሥጋውም እንቁላሉም ለተወሰኑ ቀናት አይበላም። ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁና የመጨረሻውን መጠን ከሰጣችሁበት ቀን ቁጠሩ። በዓል ደረሰ ተብሎ ቀኑ አይቆረጥም።

የቀሩኝን ሦስት አውራዎች ምን አደረግኳቸው? ብዙ ሰው «አንድ አውራ ካልኖረ አይጥሉም» ይላል። ይጥላሉ። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው፤ ለዚያም ለ10 ሴት አንድ ይበቃል። ለአምስት ቄብ ሦስት አውራ መተው ሴቶቹን ማሰቃየት ነው። አንዷ ጀርባዋ ተመልጦ ቆዳዋ ሲታይ ነው ወንዶቹን ከማገዶ ቤቱ ጀርባ የለየኋቸው። የገረመኝ ነገር፣ ሴቶቹን ማየት ሲያቆሙ እርስ በርስ መጣላታቸውም በረደ። ሌሊት ጨለማ ውስጥ፣ ዝቅ ያለ ሳጥን ስር ሳሳድራቸው ጩኸቱ አልጠፋም፣ ግን ጎረቤቴ ጋ ሲደርስ ደከም ብሎ ነው። መኖ ሻጩ «የጣይ መኖ ስጫቸው፣ ያው ነው» ብሎኝ ነበር። ያው አይደለም፤ የጣይ መኖ ለእንቁላል ቅርፊት ተብሎ ካልሲየም ስለሚበዛበት የአውራንም ያልደረሰች ቄብንም ኩላሊት ይጎዳል። የታዳጊ መኖ ላይ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ጨምሬ አቆየኋቸው።

ከገና 3 ቀን በፊት ሁለቱን ሾላ ገበያ ወሰድኳቸው። ገዢው ሁሉ መጀመሪያ «የፈረንጅ ነው እንዴ?» ይላል፣ ከዚያ ዋጋ ይሰብራል። ቀዩን 1,200 ብር ሸጥኩት። ጥቁሩ አንድ ግራም አይቀንስም ነበር፣ ግን 900 ብር ሄደ፤ ቀለም ዋጋ አለው፣ በተለይ በበዓል። ሦስተኛውን እቤት አረድነው። 12 ብልቱን ሳወጣ አማቴ «ለአራት ወር ዶሮ ሥጋው አያሳፍርም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ወንድ ስለወጣባችሁ አትደንግጡ፣ ደንግጣችሁም አትለውጡ። በልዋጭ ከመስጠት አርዶ መብላት ይሻላል። መሸጥ ካሰባችሁ ጾም ሊገባ ሲል ሳይሆን ሊፈታ ሲል ሽጡ፤ የፋሲካውም ሒሳብ ያው ነው፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን ብቻ አስቡና የመኖውን ወጪ ከአሁኑ ቁጠሩ።

ስትገዙ ደግሞ በወረቀት ይሁን፣ ስልክ ላይ በጽሑፍም ይበቃል፦ ዝርያው፣ ዕድሜው፣ የትኛው ክትባት መቼ እንደተሰጠ፣ ወንድ ከወጣ የዋጋው ልዩነት እንደሚመለስ። እኔ የነበረኝ የድምፅ ጥሪ ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ያስቀምጣል። መብቱ አለኝ፤ ማንን ይዤ፣ በምን ወረቀት ልጠይቅ? ቁጥሩን ስደውል አሁን አይነሳም።

አምስቱ ቄቦቼ የካቲት ሲገባ መጣል ጀመሩ። አሮጊቶቹን ለቅበላ አረድናቸው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቀቀሉም ከጥርስ ጋር ታግለዋል። ትናንት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከላይኛው መታጠፊያ አንድ ባጃጅ ቆሟል፣ ከኋላው ሳጥን ተጭኗል። አንዲት ወጣት ሴት የስልኳን መብራት ወደ ሳጥኑ አብርታ «ይሄ ቀላ ያለውስ?» ትላለች። መልሱን ስለማውቀው ዳቦውን ትቼ ወደሷ ሄድኩ።