ለቼሳፒክ ቤይ የትኛውን ያገለገለ ጀልባ ልግዛ? አራት ዓይነት ጀልባዎች ጎን ለጎን

ጠዋት ላይ ቼሳፒክ ቤይ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። በዚያ ሰዓት ማንኛውም ጀልባ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ ይነሳል። ነፋሱና የውሃው ፍሰት ፊት ለፊት ሲጋጠሙ አጭር፣ ቀጥ ያለና የተቀራረበ ማዕበል ይፈጥራሉ። ቤዩ 200 ማይል ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 21 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበል ቶሎ ይነሳል። እዚህ ጀልባ ሲመረጥ መታሰብ ያለበት ያ የመመለሻ ሰዓት ነው።

ይህን የምጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ፣ ዳር ቆሞ ማጥመድ ለሰለቻችሁና የመጀመሪያ ጀልባችሁን ለምትፈልጉ ነው። ብዙዎቻችን ከባሕር ርቀን ያደግን ሰዎች ነን። ዋና የማይችለው ጥቂት አይደለም። ጀልባው ላይ ደግሞ ልጆችና ጓደኞች እንጭናለን። ስለዚህ ከታች ያሉትን ሳወዳድር ከፍጥነትና ከውበት ይልቅ ሰው በሰላም የሚመልሰው የቱ ነው የሚለውን አስቀድማለሁ።

መጀመሪያ መኪናችሁ

ማስታወቂያ ማሰስ ከመጀመራችሁ በፊት የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ። ሃይብሪድ ያልሆነው ሆንዳ ሲአርቪ የሚጎትተው እስከ 1,500 ፓውንድ ነው። ቶዮታ ሲዬና 3,500 ፓውንድ ይጎትታል። ባለ ቪ6 ሞተር ሃይላንደር በትክክል ከተዘጋጀ እስከ 5,000 ፓውንድ ይደርሳል። ሻጭ የሚነግራችሁ ክብደት ግን ብዙ ጊዜ የባዶውን ጀልባ ነው። ሞተሩ፣ ትሬለሩ፣ ባትሪው፣ የበረዶ ሳጥኑና ቤንዚኑ እዚያ ላይ ይደመራሉ። ቤንዚን ብቻውን በጋሎን 6 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል።

በደምሳሳው ሲታይ፣ ቀላል የሆነ ባለ 16 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ ከነትሬለሩ ለሲአርቪ ይሆናል። ባለ 17 ጫማ ፋይበርግላስ ለሲዬና አይከብድም። 20 እና 21 ጫማ የሚሆነው ግን ሙሉ ዕቃው ሲጫን ወደ 4,000 ፓውንድ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ጀልባውን ከውሃ የምታወጡበት ራምፕ ደግሞ ተዳፋት ነው። ውሃው ሲጎድል አረንጓዴ ሙልጭልጭ ይወጣበታል። የፊት ጎማው ብቻ የሚነዳ መኪና እዚያ ላይ ይንሸራተታል። ሳንዲ ፖይንት ፓርክ እሁድ ከሰዓት ብትሄዱ የራምፑን ነገር በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የአሉሚኒየም ጀልባ፣ ከ14 እስከ 16 ጫማ

ከአራቱ ርካሹና ቀላሉ ይህ ነው። ትንሽ ሞተር ይበቃዋል፤ ቤንዚንም አይበላም። ፖቶማክ ላይ ዲሲ አካባቢ፣ ፓተክሰንት ወንዝ ላይ ወይም ከነፋስ በተከለለ ገባር ውስጥ ዋይት ፐርች ለማጥመድ ጥሩ ነው። ሰፊው ቤይ ላይ ሲወጣ ግን ቀላልነቱ ራሱ ጠላቱ ይሆናል። ነፋስ እንደፈለገ ይገፋዋል፤ ማዕበሉም ያነጥረዋል።

ሲገዛ መታየት ያለበት መገጣጠሚያው ነው። በሪቬት (በብረት ችንካር) የተያያዘ ከሆነ ዕድሜ ሲጠና ሪቬቶቹ ይላሉና ውሃ ያስገባሉ። ሻጩን ፈቃድ ጠይቃችሁ ትሬለሩ ላይ እንዳለ ውስጡ ጥቂት ውሃ ጨምሩበት፤ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ከስር ሆናችሁ ታዩታላችሁ። በብየዳ የተያያዘው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለጨዋማ ውሃ እሱን እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ወለሉ በአዲስ እንጨት የተተካ ከሆነ የምን እንጨት እንደሆነ ጠይቁ። እንዳይበሰብስ በመድኃኒት የተነከረው ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለበት። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ላይ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ያወጣል። መዳብ ያለበት የጀልባ ሆድ ቀለምም እንደዚያው ነው። አዲስ ወለል በማስታወቂያ ላይ እንደ ጥሩ ነገር ይጻፋል። ከስሩ ያለውን ሳታዩ ግን አትደሰቱ።

ሆዱ ጠፍጣፋ የፋይበርግላስ ጀልባ

ካሮላይና ስኪፍ የዚህ ዓይነት ታዋቂው ነው። ሰፊ ነው፤ ቆሞ ሲያጠምዱበት አይወዛወዝም፤ ብዙ ይጭናል። ጥልቀት በሌለው ውሃም ይገባል። ሸርጣን ለማጥመድና ሦስት አራት ሰው ይዞ ወንዝ ላይ ለመዋል ከዚህ የሚሻል በዚህ ዋጋ አላየሁም።

ክፉ ጎኑ ማዕበል ላይ ነው። ጠፍጣፋ ሆድ ማዕበሉን አይሰነጥቅም፤ ይመታዋል። ግማሽ ሰዓት እንደዚያ መመለስ ወገብ ይሰብራል፤ ውሃውም ፊት ላይ ይረጫል። ፖይንት ሉክአውት ጋ ፖቶማክ ከቤዩ ሲቀላቀል አፉ ከ10 ማይል በላይ ይሰፋል። እዚያ በጠፍጣፋ ጀልባ መውጣት አልመክርም። ከባሕር ዳሩ ሳትርቁ ለመዋል ካሰባችሁ ግን ገንዘባችሁን አያስቆጭም።

ቦስተን ዌለር፣ 13 እና 17 ጫማ

ለዚህ አድልዎ እንዳለኝ ከመነሻው ልናገር። ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ፎም ተሞልቶ አንድ አካል ሆነዋል። ፋብሪካው በ1958 የመጀመሪያዎቹን ጀልባዎች አወጣ። በ1961 ላይፍ መጽሔት ላይ መሥራቹ ሪቻርድ ፊሸር ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ጀልባው ለሁለት ሲቆረጥ የሚያሳይ ፎቶ ታተመ። ግማሾቹ አልሰጠሙም። ዋና ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

13 ጫማው ትንሽ ነው፤ ለሁለት ሰውና ለተከለለ ውሃ ብቻ አስቡት። ሞንታክ የሚባለው 17 ጫማ ግን በልኩ ከተጠቀሙበት ለቤዩ ይሆናል። ምቾት አለው አልልም። ሆዱ ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበል ላይ ይጠነክራል፤ ጠርዙም ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጆች ሲኖሩ ዓይን አይነቀልም። በጠንካራ ነፋስ ቀስ ብሎ መመለስ የግድ ነው። ይመልሳችኋል ግን።

የዌለር በሽታ ፎሙ ውስጥ የገባ ውሃ ነው። የቀድሞ ባለቤቶች የዘንግ መያዣ፣ ወንበርና መሣሪያ ለማሰር ወለሉን ይበሳሉ። ቀዳዳው በደንብ ካልተደፈነ ዓመታት እየቆጠረ ውሃ ይሰርጋል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። የድሮው ሞንታክ ባዶ አካሉ 950 ፓውንድ ገደማ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ከነትሬለሩ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አስመዝኑት። የሞተሩንና የትሬለሩን ክብደት ቀንሳችሁ ብዙ ትርፍ ከቀረ ውሃ እየገዛችሁ ነው።

ስሙ ስላለው ዋጋው አይወርድም። ስትሸጡትም እንደዚያው ነው።

ከ19 እስከ 21 ጫማ፣ ሆዱ ጥልቅ የሆነ ሰንተር ኮንሶል

መሪው መሃል ላይ የቆመ፣ ዙሪያውን እየተዞረ የሚጠመድበት ጀልባ ነው። ሆዱ በቪ ቅርጽ ስለሚጠልቅ ማዕበሉን ይሰነጥቃል። ከአራቱ ቤዩ ላይ ምርጡ ጉዞ የዚህ ነው። ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ ፍለጋ ከቤይ ብሪጅ ወዲህና ወዲያ መዞር ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው ጀልባ ነው።

የምፈራው ዋጋው ረክሶ ሲገኝ ነው። የ25 ዓመት ዕድሜ ያለው ባለ 21 ጫማ ሰንተር ኮንሶል አንዳንዴ ከደህና ሞንታክ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ዓይን ይስባል። ከወለሉ ስር ግን የበሰበሰ እንጨትና ጨው የበላው የአሉሚኒየም ቤንዚን ታንክ ሊኖር ይችላል። ታንኩን ለመቀየር ወለሉ ይቆረጣል። ሞተሩም ትልቅ ነው፤ ሲሞት የሚያስከፍለው ከጀልባው ዋጋ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠሩ ከ20 ጫማ በታች የሆኑ አብዛኞቹ ሞተር ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸውም እንዲንሳፈፉ ሆነው መሠራት አለባቸው። 21 ጫማው ላይ ይህ ግዴታ የለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች በራሳቸው ፈቃድ ያደርጉታል፤ ሌሎቹ አያደርጉም። ትልቅ ጀልባ ሁሉ ከትንሹ ይልቅ አይሰጥምም ማለት አይደለም።

ሞተሩና የኋላ ግድግዳው

ከዓይነቱ ምርጫ በላይ ገንዘባችሁን የሚያድነው ይህ ነው። አዲስ ባለ 90 የፈረስ ጉልበት ሞተር ብቻውን ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ስለዚህ ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ በዋናነት የምትገዙት ሞተር ነው።

ለሻጩ አስቀድማችሁ ሞተሩን እንዳያሞቀው ንገሩት። ስትደርሱ በእጃችሁ ዳስሱት። ቀድሞ ከሞቀ ምክንያት አለው። ሲነሳ ከጎኑ የሚተፋው ውሃ ጠንካራና የማይቋረጥ መሆን አለበት። ከታች ያለውን የካምቢዮ ዘይት ትንሽ አስፈስሱ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ካንዴላዎቹን አስወጥታችሁ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን የእመቃ ግፊት፣ አስለኩ። ሲሊንደሮቹ ከ10 በመቶ ብዙም ሳይራራቁ ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው። አንዱ በጣም ከወረደ ድርድሩን አቁሙ።

ከሁለቱ የሞተር ዓይነቶች ሁለት ስትሮክ ይሻላል ወይስ አራት ስትሮክ? የድሮው ካርቡራቶር ያለው ሁለት ስትሮክ ቀላል ነው፤ ጥገናውም ብዙ አይወሳሰብም። ቤንዚን ይጠጣል፤ ያጨሳልም። አራት ስትሮኩ ጸጥ ያለና ቆጣቢ ነው። አቅሙ ካላችሁ እሱን ውሰዱ። ድሮ ለሁለት ስትሮክ የተሠራ ጀልባ ላይ ከባድ አራት ስትሮክ ሲገጠም ግን የኋላው ውሃ ውስጥ ይዘቀዝቃል። ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ ከጎን ተመልከቱት። ኤቪንሩድ ሞተር ካጋጠማችሁ ፋብሪካው በ2020 ማምረት እንዳቆመ አስታውሱና ዕቃውን ከማን እንደምታገኙ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ብዙ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ላይ ውስጡ ጣውላ ነው። በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩት። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ከዚያ ሞተሩን ከታች ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ወይም በብሎኖቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ጥገናው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ወለሉን በእግራችሁ ርገጡት፤ የሚሰረጉድ ቦታ ካለ ከስሩ ያለው እንጨትም ያው ነው። ትሬለሩ ላይ ጎማውንና ኩሽኔታውን እዩ። ጨዋማ ውሃ ውስጥ በየጊዜው ስለሚገባ ኩሽኔታው ቶሎ ያረጃል።

ለማን የቱ?

ሁለት ሆናችሁ ወንዝ ላይ የምትውሉ ከሆነ በብየዳ የተያያዘ አሉሚኒየም ግዙ። ብዙ ሰው ይዛችሁ ሸርጣንና ፐርች ከዳር ሳትርቁ የምትፈልጉ ከሆነ ጠፍጣፋው ይሻላችኋል። ቤዩን ገና እየተማራችሁ ከሆነና መኪናችሁ ሲዬና ከሆነ፣ ደህና አራት ስትሮክ ያለው 17 ጫማ ሞንታክ ወይም ተመሳሳዩን ውሰዱ። የመጀመሪያ ጀልባ ለሚገዛ ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ሰንተር ኮንሶሉን የምመክረው የሚጎትት መኪና ላለው፣ ለጥገና የተለየ ገንዘብ ላስቀመጠና ጀልባውን በባለሙያ ለማስመርመር ለተዘጋጀ ሰው ነው። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ አትውሰዱት።

የትኛውንም ግዙ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ይኑር። ሜሪላንድ ውስጥ ከ21 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለብሶ መቀመጥ ግዴታው ነው። አዋቂውም ይልበስ፣ በተለይ በፀደይ ወራት። ፀሐይዋ ታታልላለች፤ ውሃው ግን ገና በረዶ ነው። የሞተር ማጥፊያው ገመድም ከነጂው ጋር ይታሰር። ማጥፊያው የተገጠመላቸው ከ26 ጫማ በታች የሆኑ ጀልባዎች በፍጥነት ሲሄዱ እንዲታሰር ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል።

ወረቀቱ

ከጀልባው ኋላ በቀኝ በኩል ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ አለ። ታይትሉ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። የተፋቀ ወይም የማይነበብ ከሆነ አትግዙ። የትሬለሩ ወረቀት ለብቻው ነው፤ እሱንም ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ስታስመዘግቡ 5 በመቶ ቀረጥ አለ፤ ቨርጂኒያ 2 በመቶ ነው። በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ሜሪላንድ ላይ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ቨርጂኒያ ላይ 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ለሚነዳ ሁሉ ትምህርቱ ግዴታ ነው።

ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ዋጋ ይላላል፤ ሻጩ ለብርዱ ወራት ማስቀመጫ መክፈል አይፈልግም። ግን ሞተሩ ለብርድ ከመዘጋጀቱ በፊት ድረሱ። ከተዘጋጀ በኋላ ውሃ ላይ አውርዶ የሚያስሞክራችሁ ሻጭ አታገኙም።