ባሕር ዳር ያላችሁ ስቱዲዮዎች፦ «160 ቴራባይት» የተባለውን ማሽን ሳትፈትኑ እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው በተለይ ባሕር ዳር ፎቶና ቪዲዮ ቤት ላላችሁ ነው። ያገለገሉ የባክአፕ (የመጠባበቂያ ግልባጭ ማስቀመጫ) ማሽኖች ይዞ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ የሚዞር ሻጭ አለ። እኔ ገዝቼ ተቃጥያለሁ። እናንተ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ማሽኑ ቨርቹዋል ቴፕ ላይብረሪ ይባላል። ስሙ ቴፕ ቢሆንም ውስጡ ያለው ዲስክ ነው። ለባክአፕ ሶፍትዌሩ ግን የቴፕ ማሽን መስሎ ይታየዋል። ትልልቅ ድርጅቶች የለመዱትን የቴፕ አሠራር ሳይቀይሩ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጡ የተሠራ ነው። ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎው የተሸጠልኝ ቃል ነው።

ፕሮፎርማው «160 ቴራባይት» ይላል። እውነተኛው ዲስክ 8 ቴራባይት ነው። ስጠይቀው «ጋሼ፣ ዲዱፕሊኬሽን አለው፤ 20 እጥፍ ይይዛል» አለኝ። አመንኩት።

ዲዱፕሊኬሽን ማለት እንዲህ ነው። ማሽኑ ፋይሉን በትንንሹ ይቆራርጠዋል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ያወጣለታል። ያው ቁራጭ ዳግም ከመጣ አያስቀምጠውም፤ ቀድሞ ያለውን ብቻ ይጠቁማል። በየሳምንቱ ያንኑ የሒሳብ ፋይል ሙሉውን ለሚገለብጥ መሥሪያ ቤት 20 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ደጋግሞ የሚያስገባው ያንኑ ነገር ነዋ! የእኛ ሥራ ግን ሠርግ ነው፣ ጥምቀት ነው፣ ጣና ላይ በጀልባ ዘጌ ደርሶ የሚመለስ ጎብኚ ነው። ቪዲዮውን ካሜራው ገና ሲቀርጸው ጨምቆታል። የአንዷ ሙሽራ ቪዲዮ ከሌላዋ ጋር የሚጋራው ቁራጭ የለም ማለት ይቻላል። 11 ቴራባይት ሥራ ነበረኝ። 8.5 አካባቢ ሲደርስ ሞላ አለ። የቀረው ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ።

ሁለተኛው ነገር ሪፕሊኬሽኑ ነው፤ ማሽኑ ያለውን በመስመር ወደ ሌላ ማሽን መገልበጡ ማለት ነው። ጎንደር ባለው ቅርንጫፋችን ሁለተኛ ማሽን አስቀምጠን ሁሉም ነገር «በአንድ ሌሊት» እዚያ ይገለበጣል ተብሎ ነበር። ለሪፕሊኬሽኑ የተለየ ላይሰንስ እንደሚከፈልበት የነገረኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ደግሞ እስቲ አስሉት። በ10 ሜጋቢት መስመር፣ ያለማቋረጥ ቢሠራ፣ በቀን የሚሄደው 108 ጊጋባይት ገደማ ነው። 8 ቴራባይት ለመጨረስ 74 ቀን ይፈጃል። ያውም መብራት ሳይጠፋ! ማሽኑ አዳዲስ ቁራጮችን ብቻ ይልካል የሚባለው እውነት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን ሁሉም አዲስ ነው።

ሻጩ «ቴፕ ስለሆነ አይጠፋም» ማለቱ ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ነው። እውነተኛ ቴፕ ነቅለህ ቤትህ ወስደህ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለህ። የዚህ «ቴፕ» ግን ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ነው፤ አይነቀልም። መብራት ሲመጣ ኃይሉ ጨምሮ ማሽኑን ካቃጠለው አብሮ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ያለው ግልባጭም ቢሆን፣ ዋናው ማሽን ላይ በስህተት የተደረበውን ነገር እንዳለ ሊቀበል ይችላል።

እውነተኛ ቴፕ የምትገዙም ብትሆኑ ቁጥሩን አስተውሉ። ኤልቲኦ 8 በሚባለው የቴፕ ዓይነት ካርትሪጅ ላይ 30 ቴራባይት ተብሎ ታያላችሁ፤ ሳይጨመቅ የሚይዘው 12 ነው። ለቪዲዮ ቤት የሚሠራው 12ቱ ነው።

እንግዲህ ማንም ማሽን ይዞ ቢመጣ፣ የራሳችሁን ሥራ አስገቡበት። ሻጩ ይዞት የሚመጣውን የማሳያ ፋይል አትቀበሉ። የአንድ ወር ሠርግ ይበቃል። ስንት እንደገባና ዲስኩ ላይ ስንት እንደያዘ እዩ። ከዚያ አንዱን ሠርግ ወደ ኮምፒውተር መልሱና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልከቱት፤ ይህን እንዳትዘሉት። ፕሮፎርማው ላይ የዲስኩ ትክክለኛ መጠንና የላይሰንሶቹ ዝርዝር በጽሑፍ ይግባ። እምቢ ካለ አሰናብቱት።

እኔ አሁን ሥራዬን በሁለት ሁለት ተራ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ። አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ ቤቴ ነው። ይኸው ፕሮፎርማ እጁ ላይ ያለ ሰው ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት እዚሁ ይጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።