ነጻው የወሊድ አገልግሎት በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ፦ እንክብካቤው ጥሩ፣ በጀቱ ጎዶሎ

የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የድህረ ወሊድ እንክብካቤ እንዲሁም የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ከክፍያ ነጻ ከሚሰጡ አገልግሎቶች መካከል ናቸው። ታናሽ እህቴ ይህን አገልግሎት በአርሲ ዞን ባለ አንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ከእርግዝና ክትትል እስከ ልጇ የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት ድረስ ስታገኝ አብሬያት ስለነበርኩ የታዘብኩትን እጽፋለሁ። የጤና ጣቢያውን ስም የማልጠቅሰው፣ ያየሁት ጉድለት ከሠራተኞቹ ስንፍና ይልቅ ከገንዘብ አመዳደቡ የመጣ መሆኑን ስለማምን ነው።

በቅድሚያ መመስገን ያለባቸው አዋላጅ ነርሶቹ ናቸው። የደም ግፊት፣ የደም ማነስና የሽንት ምርመራው በየቀጠሮው ተሠርቷል፤ የአይረንና የፎሌት እንክብሉም አልተቋረጠም። ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩት ግን በግቢው ውስጥ ያለውን የእናቶች ማቆያ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡና የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበ ነፍሰ ጡሮች በዚያ አርፈው ምጣቸውን ይጠብቃሉ፤ ቡናው ይፈላል፣ የወለደችም እናት ገንፎዋን እዚያው ትበላለች። እህሉና ቅቤው የሚመጣው ከየቀበሌው ሕዝብ መዋጮ ሲሆን፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ሌሊት ቁልቁለት ከመውረድ አስቀድሞ አምጥቶ ማሳረፍ ለቤተሰቡም ለወረዳውም የሚቀልል በመሆኑ፣ በእኔ አስተያየት ከጤና ጣቢያው ሥራዎች ሁሉ በደንብ የታሰበበት ይኸኛው ነው።

እዚህ ደረጃ መድረስ ቀላል አልነበረም። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ቁጥሩ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሷል። ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ የእናቶች ሞት በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ወደ ተቋም ማምጣታቸው በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ጥያቄው፣ እናቶቹ ከመጡ በኋላ የሚጠብቃቸው ዕቃ አብሮ አድጓል ወይ የሚለው ነው።

እኛ በሄድንበት ጤና ጣቢያ አላደገም። እህቴ ማዋለጃ ክፍል ከገባች በኋላ ጓንት፣ ግሉኮስና ኦክሲቶሲን ከግል መድኃኒት ቤት ገዝተን እንድናመጣ ተጠየቅን። ኦክሲቶሲን ከወሊድ በኋላ የሚከሰተውን የደም መፍሰስ ለመከላከል የሚወጋ፣ በማቀዝቀዣ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ እኛ ግን በኪሳችን ይዘነው መጣን። ባለሙያዋ አፍራ ነበር የጠየቀችን፤ ያዘነችውም ከእኛ በላይ ይመስለኛል።

ምክንያቱ አገልግሎቱ በነጻ ይሰጥ ሲባል ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በበጀት ላይ በግልጽ አለመቀመጡ ነው። ከክልል ለወረዳ የሚደርሰው ጥቅል በጀት ለጤና ሲደለደል አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጤና ጣቢያው ቀሪውን የሚሞላው ከካርድ፣ ከምርመራና ከመድኃኒት ሽያጭ ሰብስቦ እንዲጠቀምበት ከተፈቀደለት የውስጥ ገቢ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለአባላቱ ሕክምና ይከፍላል፤ ወሊድ ግን አስቀድሞ ነጻ የተደረገ በመሆኑ በመድኑ አይወራረድም። ስለዚህ ለአንዲት ወላድ የወጣው ጓንት፣ መርፌና አልኮል የሚተካው የጨጓራ ሕመም ይዞት የመጣ ሰው ከከፈለው ገንዘብ ላይ ነው። ከዚህ የሚከተለው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፦ ጤና ጣቢያው ብዙ እናቶችን ባዋለደ ቁጥር ካዝናው ይራቆታል፤ ማቆያውን አሳምሮ እናቶችን የሳበ ተቋም በሥራው ይቀጣል ማለት ነው።

አምቡላንሱም ከዚሁ ችግር አላመለጠም። መኪናው አለ፤ ነዳጁና የሾፌሩ አበል ግን በወረዳው በጀት ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ በግንቦትና በሰኔ፣ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ቤተሰብ ነዳጅ እንዲሞላ መጠየቁ የተለመደ ነው።

ክትባቱ ግን እንከን አልነበረውም። የ45 ቀኑም ሆነ ቀጣዮቹ በቀጠሯቸው ተሰጥተዋል፤ ከቢጫው ካርድ በቀር የተጠየቅነው ነገር የለም። ክትባት በመንግሥትና እንደ ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ ባሉ አጋሮች ገንዘብ ተገዝቶ በፕሮግራም የሚቀርብ፣ ብዛቱም በሚጠበቁት ሕፃናት ቁጥር የሚታቀድ ነው። በወረዳው ስንት ነፍሰ ጡር እንደሚጠበቅም በየዓመቱ ይገመታል፤ በዕቅዱም ላይ ይጻፋል። ያው ግምት ለክትባቱ ጠርሙስ ሲሠራ ለማዋለጃ ክፍሉ ጓንት የማይሠራበት ምክንያት አልገባኝም። የውጭ ዕርዳታ ሲቀንስ ደግሞ ይህ ደህና የሚባለው ክፍልም በአገር ውስጥ በጀት ላይ የበለጠ መደገፉ አይቀርም።

አገልግሎቱን ለመጠቀም ለምታስቡ፣ በእኔ ግምት ክትትሉንም፣ ማቆያውንም፣ ክትባቱንም ያለ ስጋት መጠቀም ይቻላል። ለወሊዱ ግን በመጨረሻው የክትትል ቀጠሮ የትኞቹ ዕቃዎች እንደጎደሉ አዋላጇን በግልጽ ጠይቁ፤ ኦክሲቶሲን ግዙ ከተባላችሁም በበረዶ መያዣ አምጡት። ቅሬታ ያለው ሰው ለነርሷ ከመናገር ይልቅ የጤና ጣቢያውን ቦርድ ቢጠይቅ ይሻላል፤ የውስጥ ገቢውን አጠቃቀም የሚያጸድቀው ቦርዱ ሲሆን የኅብረተሰቡ ተወካይም በውስጡ አለ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት፣ የወረዳው ዕቅድ ገና በረቂቅ ላይ እያለ ነው።