ራቭ ፎሬን ሸጬ ፕራዶ ገዛሁ፤ ስምንት ወር ከነዳሁት በኋላ

ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ያዋጣል ወይ?" ይለኛል። እስቲ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የጨመርኩት ብር ቀላል አይደለም፤ በሚሊዮን ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋው አይቀመስም። የእኔም ራቭ ፎር ከገዛሁበት በላይ ስለወጣልኝ ነው የደፈርኩት።

እሱን በክፉ አላነሳውም። ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚን ነበር፤ ስድስት ዓመት አገልግሎኛል። ኑሮዬ እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን መጋላ ብቻ ቢሆን ዛሬም አልሸጠውም ነበር። እናንተም ከድሬ የማትወጡ ከሆነ አትሽጡት። እኔን ያስቸገረኝ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ነው።

ወላጆቼ ሐረር ናቸው። በየሳምንቱ ወይ እኛ እንወጣለን ወይ እነሱን እናመጣለን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 አካባቢ ናችሁ፣ ያንን ሁሉ ከፍታ ደግሞ በአብዛኛው የምትጨርሱት እዚያ ጥምዝምዝ ላይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሦስቱ ልጆች ሆነን፣ ኋላው ዕቃ ሞልቶ፣ በግንቦት ሙቀት ኤሲ ከፍቼ ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ማርሹ አንዴ ይወርዳል አንዴ ይወጣል፣ ፊቴ ሲኖትራክ ካለማ ደርቦ ማለፍ የማይታሰብ ነው። ኤሲውን አጠፋለሁ። ትንሿ ልጄ ፊቷ ቀልቶ፣ ላቡ ጸጉሯን ግንባሯ ላይ ሲለጥፈው በመስታወት እያየሁ ነበር የምነዳው። መኪና ልቀይር ያልኩት እዚያ ዳገት ላይ ነው።

ፕራዶው 150 የሚባለው ቅርጽ ነው፤ የ2010 ሞዴል፣ ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ። ደንገጎ ላይ ሳይጮህ ይጎትታል። ሰባት ሰው ጭኜ፣ ኤሲው እየሠራ ወጥቼበታለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄ ገና ዳገቱ ሲጀምር እንቅልፍ ወሰዳት፤ የነቃችው ሐረር ገብተን ነው። አቦ፣ ለእኔ ብሩ ያኔ ተመለሰ።

ሌላው አሸዋ ነው። በኤረር በኩል ዘመድ ጋ ስንሄድ ከዋናው መንገድ ወጥተን ደረቅ ወንዝ እናቋርጣለን። ራቭ ፎሩ አንዴ እዚያ ሰምጦ በአካፋ ነው ያወጣነው። ፕራዶ ግን ሻንሲ ላይ የተሠራ መኪና ነው፤ አራቱም እግር ሁልጊዜ ይሠራል፣ ለከባድ ቦታ የሚሆን ሎው ማርሽም አለው። ቀስ ብዬ ገብቼ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

የማይመቸውም አለ። ርዝመቱ ከ4 ሜትር ከ70 ሳንቲም በላይ፣ ወርዱ ወደ 1 ሜትር ከ90 ነው፤ ጀጎል ውስጥ በዚህ መኪና መግባት ጭንቀት ነው። በራቭ ፎር ፈረስ መጋላ ድረስ ገብቼ ነበር የምገበየው፤ አሁን ከግንቡ ውጭ አቁሜ በእግሬ እገባለሁ። መጨረሻ ያለው ወንበር ለልጅ እንጂ ለአዋቂ አይሆንም፣ እሱ ከተዘረጋ ደግሞ ለዕቃ ቦታ የለም። ናፍጣው ከተማ ውስጥ በሊትር 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ያስኬደኛል፤ ሳልባትዮው 87 ሊትር ስለሚይዝ ቶሎ ቶሎ አልቀዳም፣ ስቀዳ ግን ከከባድ መኪኖቹ ጋር ነው የምሰለፈው። የጎማውን ዋጋ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ከሁሉ በላይ ተጠንቀቁ የምላችሁ ኢንጀክተሩን፣ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ነው። የዚህ ሞተር ደካማ ጎኑ እሱ ነው፤ ማሸጊያው ካሳለፈ ዘይቱ ይበላሻል፣ ዘይት መሳቢያው ወንፊት ይደፈናል፣ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። መጀመሪያ ያየሁትን መኪና ሦስቴ ስሄድ ሦስቴም አስነስተው አሙቀው ነው የጠበቁኝ። የሞቀ ሞተር ችግሩን ይደብቃልና ተውኩት። ይሄኛውን ናፍጣ የሚያውቅ መካኒክ ይዤ፣ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ኮፋኖው ገና ቀዝቃዛ እያለ ነው ያስነሳሁት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ ሊብሬውን የምታዩት ከዚያ በኋላ ነው።

እስካሁን ያልፈታሁት የእናቴን ጉዳይ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ መኪናው ደግሞ ከፍ ያለ ነው። መያዣውን ጨብጣ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ ታደርግና እዚያው ትቆማለች፤ ሁለተኛውን ማንሳት ያቅታታል። ራቭ ፎሩ ላይ ቁጭ ትል ነበር በቃ። ለጊዜው ኋላ አንዲት በርጩማ ይዣለሁ፤ እሷን ረግጣ ትወጣለች፣ እኔ ክንዷን እይዛለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት አንድ በያጅ ዝቅ ያለ ሁለተኛ መርገጫ ሊሠራልኝ ነው።