ባለ ሁለት ቀለም ጫማ በባሕር ዳር፦ ልባሽ፣ አዲስ ወይስ ማሠራት?

በድሮ ፎቶዎች ከሱፍ ጋር የሚታየው ጥቁርና ነጭ፣ ወይም ቡናና ክሬም የወንድ ጫማ ዛሬም ፈላጊ አለው። ባሕር ዳር ላይ ለማግኘት ሦስት መንገድ አለ፤ ከልባሽ መልቀም፣ ከሱቅ አዲሱን መግዛት፣ ወይም ጫማ ሠሪ ማዘዝ። በየትኛውም ብትሄዱ ከዋጋው በፊት ነጩ የት እንደተቀመጠ እዩ።

ነጩ የት ላይ ነው?

የለንደኑ ጫማ ሠሪ ጆን ሎብ ይህን ዓይነት ጫማ በ1868 (እ.ኤ.አ.) ለክሪኬት ተጫዋቾች እንደሠራ ይነገራል። ጠቆር ያለው ቆዳ አፍንጫውና ተረከዙ ላይ የሚውለው ሣርና አፈር የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ ነው፤ ነጩ መሐል ተጠልሎ ይቀመጣል። የዚህ ተገላቢጦሽ የሆነም አለ፦ አፍንጫውና ተረከዙ ነጭ ሆኖ፣ ማሰሪያው ያለበት መሐሉ ብቻ እንደ ኮርቻ በጥቁር ቆዳ የተሸፈነ። ያምራል፤ ግን ሐምሌ ላይ ከባጃጅ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን እርምጃ ስታሳርፉ ጭቃው የሚያገኘው ያንኑ ነጭ አፍንጫ ነው። ለዚህ ከተማ አፍንጫው ጠቆር ያለውን ያዙ።

ከቀለም ደግሞ ቡናና ክሬም ይሻላል። ክሬም ላይ አቧራ ቶሎ አይታይም፤ ከግራጫም ከሰማያዊም ሱሪ ጋር ይሄዳል። ጥቁርና ነጩ ለሠርግ ነው። የጥር ሠርግ በደረቅ ወር ስለሚውል ነጩ ያኔ አይፈራም።

ስለ ማሰሪያውም አንድ ነገር። የማሰሪያው ቀዳዳ ያለባቸው ሁለቱ ክንፎች ከሥር ተዘግተው የተሰፉበት ኦክስፎርድ ከሙሉ ሱፍ ጋር ይበልጣል፤ ክንፎቹ እስከ ታች የሚከፈቱበት ደርቢ ግን ለሰፊ እግር ይመቻል፣ ቶሎም ይወልቃል። ወደ ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለሚሳለም፣ ወይም በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ ለሚፈታ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (የተቀደደ ካልሲም እዚያው ይጋለጣል።)

ልባሽ

ጥሩ ቆዳና የተሰፋ ሶል በትንሽ ዋጋ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ችግሩ ቁጥር አለመምረጣችሁ ነው። 42 የሚያደርግ ሰው በእንግሊዝ መለኪያ 8 ቁጥር አካባቢ ይፈልግ። ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ በምታደርጉት ካልሲ ለኩ፤ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ከዚያ እነዚህን ሞክሩ፦

ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥባችሁ ጠቆር ያለውን ቆዳ ከውስጥ በኩል፣ ሰው በማያየው ቦታ አሥር ጊዜ እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ተዉት፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያንን ቀለም ወደ ነጩ ይወስደዋል፣ የገባ ቀለም ደግሞ አይወጣም።

ጫማውን ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ እጠፉት። እውነተኛ ቆዳ ቀጫጭን ሽብሽብ ያወጣል፤ ሰው ሠራሹ ይሰነጠቃል ወይም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል።

ሶሉን በጥፍር ተጫኑት። ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ የፖሊዩረቴን (አረፋ መሰል ቀላል ፕላስቲክ) ሶል እርጥበት በልቶት ስለሚፈርስ፣ ከላይ ጤነኛ መስሎ በሁለተኛው ቀን እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። በዳር ዙሪያውን የሚታየው ስፌትም ያታልላል፤ አንዳንዱ በፕላስቲኩ ላይ የታተመ ብቻ ነው። ገልብጡና ክሩ ከሥር መውጣቱን፣ ወይም እጃችሁን አስገብታችሁ የውስጡ ንጣፍ ላይ ስፌት መኖሩን አረጋግጡ። የተሰፋ ከሆነ ታኮውና ሶሉ ቢያልቁም ይቀየራሉ።

አዲስ ከሱቅ

የሚያብረቀርቅ ነው፣ ቁጥሩም ይሟላል። ከዋጋው ዝቅ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በማስቲሽ የተለጠፈ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ለአንድ ሠርግና ለፎቶ ይበቃል፤ በየቀኑ ለመልበስ ከሆነ ገንዘቡን ለሚቀጥለው አውሉት።

ማሠራት

ውድ የሚሆነው እዚህ ነው፤ ግን ቁጥሩም ቀለሙም የእናንተ ነው። ከምትፈልጉበት ቀን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ እዘዙ። ሁለቱንም እግር በወረቀት ላይ ቆማችሁ አስለኩ፤ ትልቁ ይያዝ። ገበሩ የበግ ቆዳ፣ ሶሉ ተለጥፎ የሚሰፋ ይሁን፤ ጠቆር ያለው ክፍል በራሱ ቀለም ክር ይሰፋ፤ በነጭ ክር ከተሰፋ በወር ውስጥ ይቆሽሻል።

ከመቆረጡ በፊት ከሁለቱም ቆዳ ቁራጭ ተቀበሉ። አርጥባችሁ ፊት ለፊት አገናኙና ከባድ ድንጋይ ጭናችሁበት አሳድሩ። ጠዋት ነጩ ቁራጭ ንጹሕ ከሆነ ቆዳው ይቆረጥ፤ ካልሆነ ቆዳው ይለወጥ። ጫማ ሠሪው ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ።

ርካሽ ማምለጫም አለ፦ ሙሉ ክሬም ጫማ ገዝቶ አፍንጫውንና ተረከዙን ብቻ በቆዳ ቀለም ማጥቆር። ላዩን በአሴቶን ጠርጎ፣ ድንበሩን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ከጥቁር ወደ ነጭ ግን አይሞከርም፤ ነጩ ቀለም መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

አለባበስና አያያዝ

ጫማው ራሱ ይናገራልና ሌላው ዝም ይበል፦ አንድ ቀለም ሱሪ፣ ጫማው አፍ ላይ ሳይከመር የሚያበቃ፤ ቀበቶው ከጠቆረው ክፍል ጋር የሚመሳሰል።

ሊስትሮ ጋር ስትቀመጡ ሳጥኑን ሳይከፍት ንገሩት። ለክሬሙ ቀለም የሌለው ቅባትና ለብቻው የተያዘ ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ጥቁር የነካ ብሩሽ ነጩን ያበላሻል። ብሩሹንና ቅባቱን ይዞ መሄድ ነውር የለውም። ሸካራ ነጭ ቆዳ ከሆነ ጭቃው እስኪደርቅ ጠብቁ፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ የቀረውን በነጭ ላጲስ። እርጥቡን ከጠረጋችሁት ወደ ውስጥ ይገባል።

ዝናብ ከመታው ጋዜጣ ሞልታችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን አቆዩት። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቆዳው ይደርቃል፣ ነጩም ቢጫ ይሆናል።