«ትንሽ ሴትአፕ ብቻ ነው የሚፈልገው» ከሚል ቤዝ ጊታር ሻጭ ተጠንቀቁ

ያገለገለ ቤዝ ጊታር ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። ሻጩ «ሁሉ ነገሩ አሪፍ ነው፤ ትንሽ ሴትአፕ ብቻ ነው የሚፈልገው» ሲላችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከዚያች አረፍተ ነገር ጀርባ ያለቀለት አንገት አለ።

ሴትአፕ የሚባለው ሥራ ተአምር የለውም። የአንገቱን ጉብጠት በትረስ ሮድ፣ አንገቱ ውስጥ ባለው ማስተካከያ ዘንግ፣ ማስተካከል ነው። የክሩን ከፍታ፣ አክሽን የምንለውን፣ ለእጅ እንዲመች ማድረግ ነው። ብሪጁ (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚታሠሩበት ብረት) ላይ ያሉትን ሳድሎች፣ የክር ማረፊያዎቹን፣ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሱ ኢንቶኔሽኑን ማስያዝ፣ ማለትም ድምፁ በአንገቱ ሁሉ ላይ ልክ እንዲሆን ማድረግ ነው። አለን ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ቲውነር (መቃኛ መሣሪያ) ይዞ እጁ የለመደ ሰው ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅበትም። ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሻጩ ለምን ሳያሠራው ቀረ? ተሠርቶ ቢሸጥ የተሻለ ዋጋ ያወጣለት ነበር እኮ። ሰነፍ ሻጭ እንዳለ አልክድም። «ስንፍናው ይሆናል» ብዬ ግን ገንዘቤን አላወጣም።

ችግሩ ቤዝ ላይ የሚብሰው አንገቱ ብዙ ስለሚሸከም ነው። በተለመደው ቤዝ ላይ ከነት (ክሮቹ ጭንቅላቱ ጋ ከሚያርፉበት) እስከ ብሪጅ ያለው ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 864 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አራቱ ክሮች በልካቸው ሲቃኙ፣ እንደ ውፍረታቸው፣ በድምሩ ከ70 እስከ 80 ኪሎ የሚሆን ጉልበት አንገቱን ይስቡታል። ያውም ቀንና ሌሊት። ይህን የሚመክተው አንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮዱ ነው። ዘንጉ የሚጠብቅበት ቦታ እስካለው ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ካለቀበት ግን ጨዋታው ተለወጠ። ያኔ አማራጩ አንገቱን በሙቀት መጫን፣ ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተተከሉትን የብረት መስመሮች) ነቅሎ ፊንገርቦርዱን (የአንገቱን የፊት እንጨት) መላግና እንደገና ፍሬት መምታት፣ አለዚያም አዲስ አንገት መግዛት ነው። መካከለኛ ደረጃ ባለው ቤዝ ላይ ይህ ወጪ የጊታሩን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «እስቲ እየው» ብሎ የገዛውን ቤዝ አመጣልኝ። በፎቶ አይቶ ነው የገዛው። በእርግጥም ፎቶው ላይ ያምራል። ከቦርሳው አውጥቼ ክሩን ስነካው ግን ልል ነው። በቲውነር አየነው፤ አራቱም ክሮች አንድ ሙሉ ድምፅ ወርደው ነው የተቃኙት። ሻጩ ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። ወደ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ እንመልሳቸው ብለን ስንቃኝ አንገቱ ዓይናችን እያየ ጎበጠ። ሳድሎቹን ዝቅ ላድርግ ብል የሚወርዱበት የላቸውም። ሁሉም የብሪጁን ወለል ነክተዋል። ማስተካከያ ብሎኖቹ ከሳድሉ አናት በላይ ወጥተው መዳፍ ይወጋሉ። ይሄ ራሱ ምልክት ነው። እጃችሁን ብሪጁ ላይ ስታሳርፉ ብሎን ከወጋችሁ፣ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው አክሽኑን ለማውረድ ያልሞከረው ነገር የለም ማለት ነው። ትረስ ሮዱን ስናየው ደግሞ የአለን ቁልፍ መግቢያው ተልጦ ክብ ሆኗል። አጥብቀው አጥብቀው ጨርሰውታል።

ወዳጄ ሻጩ ጋ ደወለ። መልሱ «እኔ ጋ እያለ ደህና ነበር፤ መንገድ ላይ አየር ተቀይሮበት ነው» የሚል ሆነ። አየር አንገትን እንደሚያንቀሳቅስ እውነት ነው። እርጥበት ሲለዋወጥ እንጨት ያብጣል፣ ይኮማተራል። ነገር ግን አየር የብሎን አፍ አይልጥም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ። መጀመሪያ በራሳችሁ ቲውነር ክሮቹን በልካቸው ቃኙ። ከዚያ ወፍራሙን የኢ ክር በአንድ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከቦዲው በሚገናኝበት አካባቢ ተጫኑት። አሁን ክሩ እንደ ማስመሪያ ያገለግላችኋል። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንድ ቢዝነስ ካርድ ሊያልፍበት ይገባል። ሦስት አራት ካርድ ተደራርቦ ካለፈበት አንገቱ ጎብጧል። ጉብጠት በራሱ ወንጀል አይደለም። ጥያቄው ሮዱ ሊመልሰው ይችላል ወይ ነው።

ይህን የምታውቁት ሻጩን «እስቲ ሩብ ዙር አጥብቀው» ብላችሁ ነው። እሱ ያዙረው፣ እናንተ እንዳትነኩት። በእናንተ እጅ ቢሰበር ገዛችሁት ማለት ነው። ሩብ ዙር አዙሮት ክፍተቱ ከጠበበ ደስ ይበላችሁ። ቁልፉ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ምንም ሳይይዝ ዝም ብሎ ከዞረ፣ ወይም ሻጩ «ኧረ እሱን አልነካም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል። በነገራችን ላይ የድሮዎቹ ሪከንባከር 4001 የሚባሉት ቤዞች ሁለት ትረስ ሮድ ነው ያላቸው። እነሱን በቁልፍ ብቻ ማስገደድ ፊንገርቦርዱን ሊያስነሳ ስለሚችል አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ከዚያ ጊታሩን አንሡና ከጭንቅላቱ በኩል አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ብሪጁ እዩ። የአንገቱ ሁለት ጠርዞች እኩል መውረድ አለባቸው። አንዱ ወደ ጎን ከዞረ አንገቱ ተጠምዝዟል፤ ትረስ ሮድ ደግሞ ጥምዝን አያቃናም። የመጨረሻዎቹ ፍሬቶች ቦዲው አካባቢ ሽቅብ ከተነሱም ሮዱ እዚያ ድረስ አቅም የለውም። በብሎን የተያዘ አንገት ሥር ቀጭን ልጥፍ ብታገኙ ግን አትደንግጡ። እሱ የተለመደ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥም ይደረጋል።

ጭንቅላታቸው ወደኋላ ያዘነበለና አንገታቸው በኮላ የተጣበቀ ቤዞች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የጊብሰን ሞዴሎች፣ ሲወድቁ ከነቱ ጀርባ መሰንጠቅ ይወዳሉ። በደንብ ከተጣበቀ ለዓመታት ያገለግላል፣ ዋጋው ግን በጣም መውረድ አለበት። ጀርባው ላይ ብቻ ጥቁር ቀለም የተቀባ አንገት ካያችሁ በስልካችሁ መብራት ከጎን አብርታችሁ እዩት። መስመር ከታየ «ምንድነው ይሄ?» በሉ። ሻጩ «ቀለሙ ነው የተሰነጠቀው» ቢል ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ አሳልፉ።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ተወዳጅ ቃል እንምጣ፤ «ኦርጅናል»። የአሜሪካው ጊታር አምራች ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951፣ ጃዝ ቤዝን በ1960 ነው። ኩባንያው በ1965 መጀመሪያ ላይ ለሲቢኤስ፣ ለአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ፣ ተሸጠ። ሰብሳቢዎች ከዚያ በፊት ለተሠሩት የሚከፍሉት በጣም የበዛ ነው። ገንዘብ ባለበት ደግሞ ፎርጅድ አይጠፋም። የጭንቅላቱ ሎጎ ስቲከር ነው፤ በግልጽ ይሸጣል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ሴሪያል ቁጥሩ የሚገኘው አንገቱን በያዘው የብረት ሳህን ላይ ነበር። ሳህኑ በአራት ብሎን ነው የታሠረው። ከአንዱ ቦዲ ወደ ሌላው ለማዛወር ካቻቢቴና ትንሽ ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ የሴሪያል ፎቶ ብቻ የሚልክ ሰው ምንም አላረጋገጠላችሁም።

አንዳንዱ ውሸት ደግሞ የሚያስቅ ነው። ፕሪሲዥን ዛሬ የምናውቀውን ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ያገኘው በ1957 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀጭን ፒክአፕ ነበር ያለው። «የ1955፣ ምንም ያልተነካ» ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ ከተደረገበት፣ አንዱ ነገር ውሸት ነው። የትኛው እንደሆነ ሻጩ ያስረዳ።

ለድሮ ጊታር ከፍተኛ ዋጋ ከተጠየቃችሁ ውስጡን ሳታዩ አትክፈሉ። አንገቱ ይነቀል፣ ሥሩ ላይ ያለው ማኅተም ወይም ጽሑፍ ይታይ። የቮልዩም ፖቶቹ፣ ከመዞሪያዎቹ ሥር ያሉት የድምፅ መቆጣጠሪያዎች፣ ጀርባ ላይ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 1376612 ቢል፣ 137 ሲቲኤስ የተባለው አምራች ነው፣ 66 ዓመቱ 1966፣ 12 ደግሞ የዓመቱ 12ኛ ሳምንት ነው። ይህ ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት ሊሠራ እንደማይችል ይነግራችኋል እንጂ መቼ እንደተሠራ በትክክል አይነግራችሁም። ፌንደር በ1966 ብዙ ፖት ገዝቶ ለዓመታት ስለተጠቀመበት፣ የ1969 ጊታር ውስጥ የ1966 ፖት ብታገኙ ችግር የለውም። የ1964 በተባለ ጊታር ውስጥ የ1966 ፖት ካገኛችሁ ግን ወይ ፖቱ ተቀይሯል፣ ወይ ሰውየው ዋሽቷል። ብየዳውንም እዩ። አሮጌ ብየዳ ደብዛዛ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ካለ በቅርብ ሰው ገብቶበታል። ዕቃ መቀየሩ ራሱ ነውር አይደለም። ለመጫወት ከሆነ የምትገዙት፣ የተቀየረ ፖት ከሚያንኮሻኩሽ ኦርጅናል ይሻላል። ነውሩ በኦርጅናል ዋጋ መሸጡ ነው። እንደገና የተቀባ ቦዲም እንዲሁ ነው፤ ሙዚቃው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ሆኖ ዋጋው ላይ ግን ትልቅ ነው።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ቤዝ ከሆነ መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ኬብል ሰክታችሁ፣ ቮልዩሙን ከፍታችሁ፣ በሌላው ጫፍ ለኩ። የጃዝ ፒክአፕ አንዱ ብቻውን ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም፣ የፕሪሲዥን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። ዜሮ ካሳየ የተነካካ ሽቦ አለ፤ ምንም ካላሳየ ወይም ከዚህ እጅግ የበዛ ቁጥር ካሳየ ደግሞ የተበጠሰ ነገር አለ። አክቲቭ (በባትሪ የሚሠራ) ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አትለኩትም። እዚያ የምትሰሟት ቃል «ባትሪው ስላለቀ ነው» የምትለዋ ናት። የራሳችሁን ባለ 9 ቮልት ባትሪ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ነገሩ እዚያው ይለያል። የባትሪ ቤቱንም ክፈቱት። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ባትሪው አፍስሷል፣ ሽቦውም ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ኬብሉን ሰክታችሁ አትተዉት። በአብዛኛዎቹ አክቲቭ ቤዞች ኬብል መሰካት ማለት ማብራት ማለት ነው።

በጂ ክር ላይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት ባለው ቦታ አንድ ድምፅ ቶሎ ሞቶ ከጠፋ ማጭበርበር አይደለም። የአንገቱ ተፈጥሮ ነው፣ ብዙ ውድ ቤዝም አለበት። ግን «ክሩ አርጅቶ ነው» ቢሏችሁ አትስሙ፤ አዲስ ክር ቢገባም ብዙ ጊዜ አይለቅም። ልትኖሩበት ከቻላችሁ ግዙት።

ከሌላ አገር የምታስመጡ ከሆነ የፊንገርቦርዱን እንጨት ጠይቁ። የብራዚል ሮዝውድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሳይቴስ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከፍተኛ ጥበቃ ያለው ዝርያ ነው። ያለ ወረቀት ድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል። ሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ቁጥጥር ውስጥ ገብተው ነበር፣ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ግን ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ወጥተዋል። ሻጩ እንጨቱን ለማሳመር «ብራዚል ነው» ካለ ወረቀቱንም ያሳይ።

አከፋፈል ላይ፣ በኦንላይን ስትከፍሉ «ኮሚሽን እንዳይቆረጥብን እንደ ጓደኛ ላክልኝ» ለሚል ሰው አትላኩ። እንደዚያ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። ሻጩ ለምን እንደፈለገው እናንተም ታውቃላችሁ። «ሌላ ፈላጊ አለው፣ ዛሬውኑ ወስን» ካለም ለፈላጊው ተዉለት።

የምትሸጡም ተጠንቀቁ። ጊታሩን ገዝቶ፣ ፒክአፑንና ፖቱን በርካሽ ቀይሮ፣ «አልተስማማኝም» ብሎ የሚመልስ ገዢ አለ። ከመላካችሁ በፊት ውስጡን ፎቶ አንሡ፣ የፖቶቹ ቁጥርና የብየዳው ቅርፅ ጎልቶ ይታይ። ከተባለው ዋጋ በላይ ልኮ «ትርፉን መልስልኝ» ለሚል ገዢ አንድም ነገር አትመልሱ፣ ጊታሩንም አትላኩ፤ የመጀመሪያው ክፍያ በኋላ ይሰረዛል። ስትልኩ ክሩን በጥቂቱ አላሉት። ጭንቅላቱ ከሥሩም ከላዩም ተደግፎ በሳጥኑ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ይሁን። ስታሽጉም በቪዲዮ ቅረፁት፤ «ተሰብሮ ነው የደረሰኝ» የሚል መልእክት ሲመጣ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ እሱ ብቻ ነው።